ጽጌን መርፌው አልገደላትም

ስልኬ ሲጠራ የሲኞራ ኤልዳን ሾርባ እያማሰልኩ አበርድ ነበር። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ እኩለ ቀን። ሐሙስ ከስምንት ሰዓት በኋላ ዕረፍቴ መሆኑን የአገሬ ልጆች ሁሉ ስለሚያውቁ ከዚያ በፊት አይደውሉልኝም። ስለዚህ የጽጌ ደባል የሆነችውን የሙሉን ስም ሳይ ገና ሳላነሳው አማተብኩ።

«እትዬ አስካለ» አለች፤ ሰላምታም አላስቀደመችም። «የጽጌ ዓይን ቢጫ ሆኗል።»

«ምን ያህል ቢጫ?»

«እንደ እርድ ነው የምልዎት! ሽንቷ ጥቁር ሻይ መስሏል። ምግብ ከሸተታት ያስመልሳታል። ካመማት አራት ቀኗ ነው፤ ጉንፋን መስሎን ዝም አልን። ሆስፒታል ልውሰዳት ወይስ እርስዎን ልጠብቅ?»

የመለስኩላትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የትም እንዳትወስጃት። የወፍ በሽታ ነው፤ መርፌ አይወድም። እስክመጣ ጠብቂኝ።»

ለማታውቁኝ፣ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ሮማ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንጀራዬ አሮጊት ማስታመም ነው፤ ከሲኞራ ኤልዳ ጋር በአንድ ቤት አድራለሁ፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የራሴ ናቸው። ጾም አልሽርም፣ ቅዳሴ አላስታጉልም፣ ያልታጠበ ፍሬ አፌ አይገባም። ጥንቁቅ ነች ስለምባል ልጆቹ ነገራቸውን ሁሉ ያማክሩኛል፤ የፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ማደሻ ወረቀት፣ ከአሠሪ ጋር የተነሣውን ጠብ፣ የሆድ ቁርጠቱን ሳይቀር። «እትዬ አስካለን ጠይቋት» ይባላል። እኔም ተጠይቄ «አላውቅም» ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ጽጌ ከሁሉም ትቀርበኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የደሴ ልጅ፤ የሰው ሕንፃ ደረጃ ታጥባለች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ፔርሜሶዋ ገና እጇ አልገባም። ስትመጣ ከጣቢያ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። እናቷም በስልክ «አደራዬን ከሰማይ በታች ላንቺ ሰጥቻለሁ» ብለውኝ ነበር።

ከሙሉ ጋር የምትኖርበት ሕንፃ ከሜትሮው መጨረሻ ወርዶ በአውቶቡስ የሚኬድበት ዳርቻ ነው። ሰፈሩን ከጦርነቱ በኋላ ከደቡብ የመጡ ድሆች ጣልያኖች በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ መጀመሪያ ቤቱ ቆመ፣ የፍሳሹ ቱቦ ከብዙ ዓመት በኋላ ተቀበረ። ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነው፣ ከሐበሻ በቀር ተከራይ የለውም። በሐምሌ የቧንቧው ውሃ ተቋረጠ። ባለቤቱ ስልክ አያነሣም። ሰው በላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ውሃ እየቀዳ ሦስት ፎቅ ሲወጣ ከረመ።

ጋሽ ተስፋይ የሚባሉ አሉ፤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ መካኒክ የነበሩ የሰባ ዓመት ሰው። እሳቸው በጓሮው፣ ከበለሱ ዛፍ ሥር፣ በሲሚንቶ የተደፈነ ጉድጓድ አገኙ። ሰብረው ከፈቱት፣ ትንሽ ፓምፕ ገጠሙበት፤ ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ወጣ።

«ሰው እንዴት ውሃ ይደፍናል?» አሉ ጋሽ ተስፋይ እጃቸው እየተንጠባጠበ። «ወይን መስሏቸው ሸሽገውት ይሆናል!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም እዚያው ነበርኩና እልል አልኩ። ለምን እንደተደፈነ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በፍልሰታ በዚያ ውሃ ለማኅበርተኛው ሁሉ ሰላጣና ቲማቲም አጥቤ አቀረብኩ። ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት፣ እንደ ልማዴ።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ስልኩን ስዘጋ ሲኞራ ኤልዳ ዓይናቸውን ተክለውብኛል። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው።

«ማነው የታመመው?»

«አንዲት ልጅ ናት፣ ሲኞራ። ዓይኗ ቢጫ ሆነባት።»

ሳህኑን ገፉት። «የት ነው የምትኖረው?»

የሰፈሩን ስም ነገርኳቸው። ልጅ ሆነው ያደጉበት ሰፈር መሆኑን አውቃለሁ፤ አባታቸው ግንበኛ ነበሩ። ወሬውን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ለመላው መንገድ አንድ ቧንቧ ብቻ ነበር ይላሉ፤ ሴቶቹ ገና ሳይነጋ ባልዲ ይዘው ይሰለፋሉ። በየጓሮው የውሃው ጉድጓድና የመጸዳጃው ጉድጓድ ጎን ለጎን ነው። የሰፈሩ ሐኪም በብስክሌት እየዞረ በር እያንኳኳ ሰዉን የተስቦ መከላከያ መርፌ ይወጋል፤ እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን አልጋ ሥር ይደብቃሉ።

«እናቴ ኒኖን ደበቀችው» አሉኝ። «ወንድሜን። ሐኪሙ አላገኘውም፣ ሞት ግን አገኘው። ጉድጓዶቹን ኖራ አፍስሰው በሲሚንቶ የደፈኗቸው ከዚያ በኋላ ነው። አስካለ፣ ይህ የውሃ ጣጣ ነው። ልጅቷን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም!»

«ሲ፣ ሲ፣ ሲኞራ» አልኩና አፋቸውን ጠረግሁላቸው። በዋዜማው እኚሁ ሴት እናታቸው ከገበያ ተመልሰው እንደሆነ ጠይቀውኛል። የደከመ አእምሮ ነው ብዬ ናቅሁት። እግዚአብሔር በእሳቸው አፍ ነግሮኝ እንደሆነስ? ይህን ዛሬ አስባለሁ፤ ያን ቀን አላሰብኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። በቅድሚያ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ፤ እዚያ ከአገር ቤት ያስመጣችው የቅጠል ዱቄት ያላት አንዲት ሴት አውቃለሁ። በወረቀት ጠቀለለችልኝ። «በባዶ ሆድ፣ ከማር ጋር» አለች። «መርፌ ግን እንዳያያት።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አልኳት።

ጽጌ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ታክካለች። ስታየኝ ሳቀችና አፏን ሸፈነች። «እትዬ፣ ሎሚ መሰልኩ አይደል?»

ሙሉ ከምድጃው በኩል ዞረች። «ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ አጣን ብለን አላለቀስንም? ይኸው እቤታችን በቀለችልን!»

«አንቺ አረም!» አለቻት ጽጌ። ሦስታችንም ሳቅን። ብዙም የታመመች አትመስልም ነበር።

ከዚያ ግን ጽጌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ እውነት መርፌ ይገድላል? ሙሉ እኮ እንሂድ ስትለኝ ነበር።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበረ አንድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንደተወጋ፣ በማግስቱም እንደቀበርነው ነገርኳት። «እኔንም በሰባት ዓመቴ ይዞኝ ነበር» አልኳት። «እናቴ ቅጠል አጠጣችኝ፣ መርፌ አላስነካችኝም፤ በሳምንቴ ተነሣሁ። እኔው ራሴ ምስክር ነኝ፣ ልጄ።»

«ተመስገን!» አለች። ትከሻዋ ሲላላ አየሁት። «እኔ ደግሞ ፔርሜሶ የለኝም፣ ይይዙኛል ብዬ ስፈራ ነበር። እንኳን አልሄድኩ።»

ወረቀት ለሌለውም ሰው ሆስፒታል በሩን እንደማይዘጋ አውቅ ነበር። አልነገርኳትም። ዱቄቱን በማር ለውሼ በእጄ አጎረስኳት፤ ለየጠዋቱ የሚሆነውንም ለሙሉ አስቀመጥኩላት።

ዓርብ ደወልኩ። «ትንሽ ተሻላት መሰለኝ» አለች ሙሉ፣ «ትተኛለች።»

«መተኛት ደግ ነው።»

ቅዳሜ ደወልኩ። «ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች፣ እትዬ። ስትነቃ ‹አንቺ ማነሽ?› አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ‹አሠሪሽ ነኝ› አልኳት፤ አልሳቀችም።»

«ቅጠሉ እየታገለው ነው። ነገ ጠበል ይዤ እመጣለሁ።»

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«አንቺ ልጅ፣ ስንቱን አስታምሜያለሁ?»

እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ መጣሁ። ጋሽ ተስፋይ ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አስካለ፣ ይቺ ልጅ አላማረችኝም። ትንፋሿ ተለውጧል። እንውሰዳት።»

«ጋሽ ተስፋይ፣ እርስዎ ፓምፕዎን ይወቁ፤ የበሽታውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

እኚያ ሽማግሌ ሰው ፊታቸው ቀላ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብለው ከመንገዴ ዞር አሉ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቷል፤ በእሑድ ማንም ሥራ አይሄድም።

ክፍሉ ገባሁ፤ ሙሉ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ጎረቤቶቹ ተከትለውኝ ደረጃው ላይና በሩ ላይ ቆሙ። ጽጌ ዓይኗ ተከፍቷል፤ ቢጫነቱ ጠቁሯል።

«ጽጌ፣ ልጄ።»

«እማዬ» አለች፣ ወደ እኔም ሳታይ። «በሩን ዝጊው፣ ዶሮዎቹ ይገባሉ።»

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ጸሎት ጀመርኩና ጠበሉን በመዳፌ እየዘገንኩ ፊቷ ላይ ረጨሁ። ግንባሯ ላይ፣ ጉንጯ ላይ አረፈ። አንዱ ጠብታ በቀጥታ በተከፈተ ዓይኗ ውስጥ ወደቀ። አልጨፈነችም። ደግሜ ረጨሁ። ጠብታው ብሌኗ ላይ ተኝቶ በጎን በኩል ቀስ ብሎ ወረደ፤ የዓይኗ ቆብ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ጸሎቱ አፌ ውስጥ ቆመ። ያቋረጥኩበትን ቃል እስከ ዛሬ ሳደርሰው እዚያችው ላይ ይይዘኛል።

«ደውሉ» አልኩ። «ለአምቡላንስ ደውሉ!»

መጡ። በወንበር አድርገው በጠባቡ ደረጃ አወረዷት። ግቢው ውስጥ ቃሬዛ ላይ አጋድመው ክንዷን አሰሩ፣ መርፌ ሰክተው ብልቃጥ አንጠለጠሉላት። መላው ሕንፃ ቆሞ ያያል። «መርፌ ወጓት! ኧረ መርፌ ወጓት!» ብላ አንዲት ሴት ከላይ ጮኸች። እኔ ያን ጊዜ «ዝም በሉ፣ ልጅቷ ከቅድም ጀምሮ ራሷን አታውቅም» ማለት ነበረብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የእኔም ልብ እንደ እነሱ «መርፌ» እያለ ይጮህ ነበርና።

ሆስፒታል መነጽር ያደረገች ወጣት ሐኪም ወጥታ ጠየቀችኝ። «ምን ወስዳለች? ክኒን፣ ሻይ፣ ቅጠል?»

«ምንም» አልኳት።

ተመልሳ ገባች። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም ልደግም ሞከርኩ። ዋሽቶ ጸሎት እንዴት ይሆናል? ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁ። «ቅጠል ሰጥቻታለሁ፣ ከሐሙስ ጀምሮ። በእጄ።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጻፈች። «ቢጫ ሆና ስታያት ለምን አላመጣሻትም?»

ነገርኳት፤ ስለ መርፌው፣ ስለ ጎረቤታችን፣ ስለ እናቴ ቅጠል። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሲኞራ፣ ያ ጎረቤታችሁ ጤና ጣቢያ የሄደው መጨረሻው ላይ ደርሶ ይሆናል፤ ከመርፌው በኋላ ሞተ እንጂ በመርፌው አልሞተም። አንቺን ደግሞ በልጅነትሽ ነው የያዘሽ። ሕፃናትን ብዙ ጊዜ ቀለል አድርጎ ይይዝና በራሱ ይለቃቸዋል፣ ቅጠል ጠጡም አልጠጡም። አንዳንዱን ሰው ግን እንዲህ ጉበቱን ይጨርሰዋል። ቅጠሉም አግዞት ይሆናል፤ አላውቅም።»

«ሐሙስ ባመጣት ኖሮስ?»

እውነቱን ነገረችኝ። «ትድን ነበር ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ጊዜ ግን ይኖረን ነበር። ምትክ ጉበት የምንፈልግበት ጊዜ።»

ማክሰኞ ጠዋት ጽጌ ዐረፈች።

ለቅሶው ግቢው ውስጥ ነበር። ገና የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ ወሬው መልኩን ያዘ፤ በእግሯ ትሄድ የነበረች ልጅ፣ ትስቅ የነበረች ልጅ፣ መርፌ በወጓት በሁለተኛው ቀን ሞተች። ደሴም የደረሰው ይኸው ነው። መርዶውን ያረዱት ሰዎች ለእናትየው የነገሯቸው «ሐኪም ቤት በመርፌ ገደሏት» ብለው ነው።

በሳምንቱ የሰፈሩ ጤና ቢሮ ሰዎች መጡ። ከጓሮው ውሃ ቀዱ፣ መሬቱን ቆፈሩ። ከበለሱ ሥር፣ ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ የሕንፃው የመጸዳጃ ቱቦ ተሰንጥቆ ለብዙ ጊዜ ሲፈስ እንደኖረ አሳዩን። ውሃውን ዘጉት። ጋሽ ተስፋይ ፓምፑን በእጃቸው ነቅለው ደረታቸው ላይ ይዘውት ቆሙ፤ የሚያስቀምጡበት የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር። «እኔ ነኝ» ብቻ አሉ። እኔም መሆኔን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ዞረው ገቡ።

በማግስቱ ደግሞ አንዲት ነርስ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ በሽታው ወደ ሌላው እንዳይዛመት ሁሉም ሰው ክትባት እንዲወስድ ጠራች። ክትባቱ በመርፌ ነው። አንድም ሰው አልወረደም።

ግቢው መሐል ቆሜ ለመንኩ። በልጅነቴ ስለያዘኝ ለእኔ እንደማያስፈልግ ሐኪሟ ነግራኛለች፤ ቢሆንም «ውጊኝ፣ ይዩኝ» ብዬ ነርሷን አስቸገርኳት። ወጋችኝ። ክንዴን ወደ ሰገነቱ አነሣሁ። «ይኸው! ይኸው ቆሜያለሁ!»

«እርስዎማ ኖረውታል፣ ምን ያጣሉ?» አለ አንድ ወንድ ከላይ። አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ ሙሉ ከመስኮቷ ብቅ አለች። ድምፅዋ ሰላላ ነበር። «‹መርፌ አይወድም› ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ ልወስዳት አልነበረም? አሁን ደግሞ ተወጉ ይሉናል። የትኛውን እንመን?»

ክንዴን አውርጄ ከግቢው ወጣሁ።

ደሴ ደወልኩ። ለእናትየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ቅጠሉን፣ ውሸቱን፣ ያሳለፍኳቸውን ሦስት ቀናት። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርሽ» አሉኝ። «እህቴ፣ አንቺማ ልጄን በእጅሽ አጉርሰሽ አስታመምሽልኝ። እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ። እነዚያ ናቸው የገደሉብኝ።» መረቁኝ። ስልኩ ተዘግቶም ምርቃቱ ጆሮዬ ውስጥ ሲቃጠል ቆየ።

ንስሐ ገባሁ። የንስሐ አባቴም «ሐኪምም የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው፤ ቀድመሽ ብትጠይቂኝ ይህንኑ እነግርሽ ነበር» አሉኝ። እሳቸውን አለመጠየቄ እንኳ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ለካ እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ የምጠየቅ ነበርኩ። ከስግደቱና ከጾሙ ሌላ «ለሰዎቹ እውነቱን ንገሪ» ብለው አዘዙኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ይኸኛው ትእዛዝ ነው ያቃተኝ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዚህ ገጠመኝ ምን ተማርሽ ብትሉኝ የምሰጣችሁ ደህና ቃል የለኝም። ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ዛሬ «አላውቅም» እላለሁ፤ እሱም ቢሆን ዘግይቶ የመጣ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ለሃያ ዓመት ቃሌ በእነዚያ ልጆች ዘንድ እንደ ሕግ ነበር። ስሳሳት አመኑኝ። እውነቱን ስነግራቸው ግን የሚያምነኝ የለም፤ ስሕተቴ ከእኔ ወጥቶ የሁሉም ሆኗል፣ አሁን የእኔን ፈቃድ አይጠይቅም። አንዳንድ ጊዜ ጽጌን የገደልኳት ሐሙስ ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ አሁን የምናገረው ለእናንተ ነው፤ በዚያ እሑድ ደረጃው ላይና በሩ ላይ ለነበራችሁት። ስማችሁን አልጠራም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጠበሉ ዓይኗ ላይ ሲወድቅ እንዳልጨፈነች አይታችኋል። ስጠራት እኔን «እማዬ» እንዳለችኝ ሰምታችኋል። ያን ጊዜ አምቡላንሱ አልተጠራም፤ መርፌው በዚያ ግቢ አልነበረም። አይታችሁ ሳለ ዝም ብላችኋል። እኔም ዝም ብዬ ነበርና አልፈርድባችሁም።

ከትናንት በስቲያ የሙሉን ድምፅ ከበሩ ኋላ ሰማሁት። ምግብ ሸተተኝ እያለች ታስመልሳለች። ሥራ ከቀረች አምስተኛ ቀኗ ነው፣ መጋረጃዋም ተዘግቷል። ሁለት ጊዜ ሄጄ አንኳኳሁ፤ «ይሂዱልኝ» አለችኝ። ለእኔ አትከፍትም። እናንተ ጎረቤቶቿ ናችሁ፣ ለእናንተ ትከፍት ይሆናል። እባካችሁ ውጡና አንኳኩላት። እኔ እንደላክኋችሁ አትንገሯት። በዚያ እሑድ ያያችሁትን ብቻ ንገሯት፤ ከዚያም ደግፋችሁ ይዛችኋት ውረዱ።